ፕሮግራሞች ራሳቸው የሚስሉትን የርዕስ አሞሌ ከሊኑክስ ዴስክቶፕ ማስወገድ፦ ዝርዝር መመሪያ

በሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ አንድ የፋይል ማሳያ፣ አንድ ብራውዘር እና አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ጎን ለጎን የከፈተ ሰው የመስኮቶቹ አናት እርስ በርሱ እንደማይመሳሰል ወዲያው ያያል። አንደኛው መስኮት ስሙን መሃል ላይ ጽፎ ማሳነሻውን፣ ማስፊያውንና መዝጊያውን በቀኝ በኩል ይዟል። ሁለተኛው አናቱን በትሮች ሞልቶታል። ሦስተኛው ደግሞ የመክፈቻና የማስቀመጫ አዝራሮችን ከመዝጊያው ጋር በአንድ ወፍራም አሞሌ ውስጥ አጭቋል። የመጀመሪያውን አሞሌ የሳለው ዴስክቶፑ ሲሆን የቀሩትን ሁለቱን የሳሉት ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ናቸው። ይህ መመሪያ የርዕስ አሞሌው ሥራ ተመልሶ ለዴስክቶፑ እንዲሰጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ የት ላይ እንደማይቻልም ጭምር፣ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ዋጋ አለው። በመጀመሪያ የፕሮግራሙ የራሱ ቅንብር ይሞከራል፤ ያ ካልተገኘ የዴስክቶፑ ቅንብር ይታያል፤ ሁለቱም ካልሠሩ ብቻ የፕሮግራሙን አሠራር ከውጭ የሚቀይር ተጨማሪ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ይጫናል። ብዙ ሰዎች ከሦስተኛው ይጀምራሉ፤ እኔ ይህን አልመክርም። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ራሳቸው ያስቀመጡት ምርጫ ከማሻሻያ በኋላም ጸንቶ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከውጭ የሚደረግ ጣልቃ ገብነት ግን በማንኛውም ማሻሻያ ሊፈርስ ይችላል።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ላሳስብ። የአዝራሮች፣ የትእዛዞችና የፋይሎች ስም እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ተጽፏል፤ በኮምፒውተሩ ላይ ሲፈለጉም ሆነ ሲተየቡ ግን በላቲን ፊደል ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሞሌውን የሚስለው ማን ነው?

ኤክስ 11 በሚባለው ነባር የማሳያ ሥርዓት ውስጥ የመስኮት አስተዳዳሪ የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም አለ። ከሊኑክስ ዴስክቶፖች በኤክስኤፍሲኢ ኤክስኤፍደብሊውኤም 4፣ በኬዲኢ ኬዊን፣ በሲናመን መፊን ይህን ሥራ ይሠራሉ። አንድ ፕሮግራም መስኮት ሲከፍት አስተዳዳሪው በዙሪያው ክፈፍ ያበጅለታል፣ አናቱ ላይ ርዕሱን ይጽፍለታል፣ አዝራሮቹንም ያስቀምጥለታል። ፕሮግራሙ ክፈፍ እንደማይፈልግ ለአስተዳዳሪው የሚያሳውቅበት ምልክትም ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ሞቲፍ ከሚባለው አሮጌ የመሣሪያዎች ስብስብ የተወረሰ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ብዙም አይሠራበትም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ፕሮግራሞች መስኮቶቻቸውንና አዝራሮቻቸውን የሚሠሩበት ጂቲኬ የተባለ የመሣሪያዎች ስብስብ በ2013 ዓ.ም. በወጣው 3.10 እትሙ «ሄደር ባር» የተባለውን አሞሌ ሲያስተዋውቅ ነው። ሄደር ባር የርዕስ አሞሌንና የመሣሪያ አሞሌን በአንድ ላይ ያዋሕዳል። የግኖም ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች በፍጥነት ወደዚህ ተሻገሩ፤ በ2018 ደግሞ ከግኖም ወገን ሌሎች ፕሮግራሞችም ይህንኑ መንገድ እንዲከተሉ በይፋ ጥሪ ቀረበ። ብራውዘሮችም የርዕስ አሞሌውን ቦታ ለትሮቻቸው ስለሚፈልጉት በራሳቸው መንገድ ወደዚያው ደረሱ።

ዌይላንድ የሚባለው አዲሱ የማሳያ ሥርዓት ጉዳዩን ይበልጥ አወሳስቦታል፤ ምክንያቱም በመሠረታዊ ደንቡ ውስጥ ክፈፉን ማን እንደሚስል የሚናገር ነገር የለም። በ2018 በፕሮግራሙና በዴስክቶፑ መካከል ስለ ክፈፍ የሚደራደር ተጨማሪ ደንብ ወጣ፤ ኬዊንና ስዌይ የተባለው ሌላ የመስኮት አስተዳዳሪ ይህን ደንብ ተቀብለው ይሠሩበታል። የግኖም አስተዳዳሪ የሆነው ሙተር ግን አልተቀበለውም። ስለዚህ በግኖም ዌይላንድ ላይ ፕሮግራሙ ክፈፉን ለዴስክቶፑ ልተውለት ቢልም የሚረከበው የለም። ከታች የሚመጡት ልዩነቶች በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

የርዕስ አሞሌውን ወደ ዴስክቶፑ መመለስ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አስተዳዳሪው የሚስለው አሞሌ ፕሮግራሙ ደርቆ መልስ መስጠት ባቆመ ጊዜም ይሠራል፤ መስኮቱን መጎተት፣ ማሳነስ፣ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል። አሞሌውን ፕሮግራሙ የሳለው ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ሲደርቅ አዝራሮቹም አብረውት ይደርቃሉ። ሁለተኛው ጥቅም ርዕሱን ሙሉውን ማንበብ መቻል ነው። ብዙ ትር ለሚከፍት ሰው የአማርኛ ገጾች ርዕስ በትሩ ውስጥ ከሁለት ቃል በኋላ ይቆረጣል፤ የርዕስ አሞሌው ግን ሙሉውን ያሳያል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ የተደራሽነቱ ነገር ነው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው መስኮቱን የሚይዝበት ሰፊና ባዶ ቦታ፣ ሁልጊዜም በአንድ ስፍራ የሚገኝ መዝጊያ ማጣት ትልቅ ጉዳት ነው።

ዝግጅት፦ የማሳያ ሥርዓቱንና የፕሮግራሙን ዓይነት መለየት

በመጀመሪያ በኤክስ 11 ወይስ በዌይላንድ ላይ እንዳሉ ይወቁ። በግኖም የሲስተም ዝርዝር መረጃ ገጽ ላይ «ዊንዶዊንግ ሲስተም» በሚለው መስመር ይገኛል። በኬዲኢ «አባውት ዚስ ሲስተም» በሚለው ገጽ «ግራፊክስ ፕላትፎርም» ከሚለው ጎን ተጽፏል። የሊኑክስ ሚንት ሲናመንም ሆነ ኤክስኤፍሲኢ እትም ከተጫነ በኋላ ምንም ሳይነካ የሚከፈተው በኤክስ 11 ነው። ኡቡንቱ ከ25.10 እትሙ ጀምሮ የግኖምን የኤክስ 11 መግቢያ አስቀርቷል፤ በቀደሙት እትሞች ግን የይለፍ ቃል በሚገባበት ገጽ ላይ ከሚታየው የጥርሳማ ጎማ ምልክት «ኡቡንቱ ኦን ዞርግ» የሚለውን መምረጥ ይቻላል።

ቀጥሎ አሞሌውን የሳለው ፕሮግራሙ መሆኑን ያረጋግጡ። ቀላሉ መንገድ የዴስክቶፑን የመስኮት ገጽታ ለጊዜው ወደ ሌላ መቀየር ነው፤ ሌሎቹ መስኮቶች ሲለወጡ የእሱ አናት ካልተለወጠ ሳዩ ራሱ ነው። በኤክስ 11 ላይ ይበልጥ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ተርሚናል ከፍቶ «ኤክስ ፕሮፕ» የሚለውን ትእዛዝ ይጽፍና በመስቀል ምልክቱ የሚፈልገውን መስኮት ይጫናል። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ጂቲኬ ፍሬም ኤክስቴንትስ» የሚል መስመር ከተገኘ ፕሮግራሙ ክፈፉን ራሱ የሚስል ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጂቲኬን የሚጠቀም ነው። ይህን ማወቅ ለሦስተኛው ደረጃ ስለሚያስፈልግ ውጤቱን ማስታወሻ ላይ ይያዙት።

አንደኛ ደረጃ፦ የፕሮግራሙ የራሱ ቅንብር

ለብዙ ሰው ሥራው የሚያልቀው እዚህ ነው፤ በየዕለቱ ክፍት ሆነው የሚውሉት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ይህን ምርጫ ይዘዋልና።

በፋየርፎክስ በቀኝ ጫፍ ያለውን የሦስት መስመር ምልክት ይጫኑ፣ «ሞር ቱልስ»ን ይክፈቱና «ከስተማይዝ ቱልባር» የሚለውን ይምረጡ። የአሞሌ ማስተካከያው ገጽ ሲከፈት ወደ ታችኛው ግራ ጥግ ይመልከቱ፤ «ታይትል ባር» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ። ምልክት ያድርጉበትና «ደን» ይበሉ። ለውጡ ወዲያው ይታያል፤ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት አያስፈልግም። ተንደርበርድ ላይ ምርጫው ተገላብጦ ስለተጻፈ ልብ ይበሉ፤ በቅንብሮቹ «ጄነራል» ገጽ ላይ የሲስተሙን የርዕስ አሞሌ ደብቅ የሚል ሳጥን አለ፤ እዚህ ምልክቱን ማንሳት እንጂ ማድረግ አይደለም የሚፈለገው።

በክሮምና በክሮሚየም ከመጨረሻው ትር በስተቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ በማውሱ የቀኝ አዝራር ይጫኑ፤ «ዩዝ ሲስተም ታይትል ባር ኤንድ ቦርደርስ» የሚል መስመር ይመጣል። ትሮቹ በዝተው ባዶ ቦታ ከጠፋ ያው ምርጫ በቅንብሮች ውስጥ «አፒራንስ» በሚለው ክፍል ይገኛል። በክሮሚየም ላይ የተሠሩት ብሬቭና ኤጅም ተመሳሳይ ናቸው። ቪቫልዲ ግን ስሙን ቀይሮታል፤ በ«አፒራንስ» ሥር «ዩዝ ኔቲቭ ዊንዶው» የሚለውን ይፈልጉ።

ቴሌግራም በእኛ ዘንድ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ሆኖ የሚውል ፕሮግራም በመሆኑ ለብቻው ላንሳው። የዴስክቶፕ እትሙ አናቱ ላይ የራሱን ቀጭን አሞሌ ይስላል። ለማስለቀቅ የሦስት መስመር ምልክቱን ተጭነው ወደ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ ወደ «አድቫንስድ» ይግቡ፤ «ዩዝ ሲስተም ዊንዶው ፍሬም» የሚለውን ሲያበሩ ቀጭኑ አሞሌ ጠፍቶ የዴስክቶፑ አሞሌ ይተካል። የቴሌግራምን ገጽ በአማርኛ ቋንቋ ጥቅል ተርጉመው የሚጠቀሙ ከሆነ የመስመሮቹ ስም እንደ ጥቅሉ ስለሚለያይ በቦታቸው ይለዩዋቸው።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ላይ ሁለት ቅንብሮች አሉ፤ አንዱን ብቻ የለወጠ ሰው ሥራው ግማሽ ይሆንበታል። የቅንብር መፈለጊያው ላይ «ታይትል ባር ስታይል» ብለው ይጻፉና ከ«ከስተም» ወደ «ኔቲቭ» ይቀይሩት፤ ፕሮግራሙ ራሱን እንደገና ለማስጀመር ሲጠይቅ ይፍቀዱለት። ከተከፈተ በኋላ ከዴስክቶፑ አሞሌ በታች የፕሮግራሙ አሞሌ አሁንም ከታየ «ከስተም ታይትል ባር ቪዚቢሊቲ» የሚለውን ፈልገው «ኔቨር» ያድርጉት። ኦብሲዲያን ላይ በ«አፒራንስ» ሥር «ዊንዶው ፍሬም ስታይል» የሚለውን ወደ «ኔቲቭ» መለወጥና ዘግቶ መክፈት ይበቃል። ቲሊክስ የተባለው ተርሚናልም በ«አፒራንስ» ምርጫው ውስጥ የራሱን አሞሌ የሚያጠፋ መስመር አለው።

የግኖም ተርሚናል ምርጫውን ከመደበኛ ቅንብሩ ውጭ ደብቆታል። «ዲኮንፍ ኤዲተር» የተባለውን ፕሮግራም ይጫኑና ይክፈቱ፤ ከዚያ «ኦርግ»፣ «ግኖም»፣ «ተርሚናል»፣ «ሌጋሲ» እያሉ በቅደም ተከተል ይግቡ። «ሄደርባር» የሚለውን ቁልፍ ሲከፍቱ ነባሪው ዋጋ ተመርጦ ያገኙታል፤ ነባሪውን ትተው «ፎልስ» የሚለውን ይስጡት። ከዚያ የተከፈቱትን የተርሚናል መስኮቶች በሙሉ ዘግተው እንደገና ይክፈቱ።

በግኖም ዌይላንድ ላይ ያለ አንባቢ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሞክሮ በውጤቱ ሊደነቅ ይችላል፤ ፋየርፎክስ ላይ ለምሳሌ ርዕስ የተጻፈበት ንጹሕ አሞሌ በእርግጥ ይወጣል። የሳለው ግን ዴስክቶፑ ሳይሆን በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ጂቲኬ ነው። ለንባብና ለመጎተት እኩል ያገለግላል፤ ፕሮግራሙ ሲደርቅ ግን እሱም ይደርቃል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የዴስክቶፑ ቅንብር

ኤክስኤፍሲኢ በ2020 መጨረሻ በወጣው 4.16 እትሙ የራሱን የቅንብር መስኮቶች በሄደር ባር መሥራት ጀመረ። ከተጠቃሚዎች ብዙ ቅሬታ ያስነሳ ለውጥ ነበር፤ ደግነቱ መመለሻው አንድ ምልክት ብቻ ነው።

1. ከምናሌው «ሴቲንግስ ኤዲተር»ን ይክፈቱ።
2. በግራ በኩል ካለው ዝርዝር «ኤክስሴቲንግስ» የሚለውን ይምረጡ።
3. በቀኝ በኩል «ጂቲኬ» የሚለውን ቅርንጫፍ ዘርግተው «ዳያሎግስ ዩዝ ሄደር» የሚለውን ያግኙ።
4. ምልክቱን ያንሱ፤ የተከፈቱ የቅንብር መስኮቶችን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ።

ይህ ቅንብር የሚነካው ዳያሎግ የሚባሉትን፣ ማለትም ጥያቄ የሚጠይቁና ቅንብር የሚያሳዩ ትንንሽ መስኮቶችን እንጂ የፕሮግራሞቹን ዋና መስኮት አይደለም። አንድ ፕሮግራም ዋና መስኮቱን በሄደር ባር ከሠራው ምልክቱን ማንሳት አያገኘውም።

እንደ ኦፕንቦክስ ወይም አይ 3 ያለ ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪ ብቻውን የሚጠቀሙ ሰዎች የቅንብር ማሰራጫ ፕሮግራም ስለሌላቸው ያንኑ ነገር በፋይል ይጽፉታል። በቤት ማህደራቸው ውስጥ «ነጥብ ኮንፊግ» በሚለው ስውር ማህደር፣ ከዚያም «ጂቲኬ ሰረዝ 3 ነጥብ 0» በሚለው ውስጥ «ሴቲንግስ ነጥብ አይ ኤን አይ» የሚል ፋይል አለ፤ ከሌለ ይፈጠራል። በማዕዘን ቅንፍ «ሴቲንግስ» ተብሎ ከተጻፈው ርዕስ በታች «ጂቲኬ ሰረዝ ዳያሎግስ ሰረዝ ዩዝ ሰረዝ ሄደር» ተብሎ እኩል ምልክትና 0 ይጻፋል። ኤክስኤፍሲኢ ወይም ሲናመን ላይ ግን በዚህ ፋይል አይድከሙ፤ የዴስክቶፑ ማሰራጫ የሚናገረው ቃል ፋይሉ ውስጥ ያለውን ይሽረዋል።

ኬዲኢ ላይ ለእያንዳንዱ መስኮት ደንብ ማውጣት ይቻላል። መስኮቱን ከፊት አድርገው «አልት»ንና «ኤፍ 3»ን አንድ ላይ ይጫኑ፣ «ሞር አክሽንስ» ውስጥ የመስኮቱን ልዩ ቅንብር የሚከፍተውን መስመር ይምረጡ፣ «አድ ፕሮፐርቲ» ብለው «ኖ ታይትልባር ኤንድ ፍሬም» የሚለውን ይጨምሩ። ቀጥሎ «ፎርስ» እና «ኖ» ብለው ያጽድቁት። ኬዊን ፕሮግራሙ የጠየቀውን ሳይሰማ ክፈፍ ይስልለታል። ችግሩ ፕሮግራሙ የራሱን አሞሌ መሳል አለማቆሙ ነው፤ መስኮቱ ሁለት አሞሌ፣ ሁለት መዝጊያ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ይህን ደንብ የምመክረው አናቱ ላይ ምንም አዝራር ለሌለውና መያዣ ላጣ መስኮት ብቻ ነው። የኦፕንቦክስም ሆነ ላብደብሊውሲ የተባለው የዌይላንድ መስኮት አስተዳዳሪ ተመሳሳይ ደንቦች ያው ድርብ አሞሌ ያመጣሉ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ጂቲኬን ከውጭ ማስቆም

ለጂቲኬ 3 ፕሮግራሞች ሁነኛው መፍትሔ አንድ ትንሽ ላይብረሪ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ከጂቲኬ በፊት ይጫንና የራሴን ክፈፍ ልሳል የሚለውን ጥሪ መሃል ላይ ይቀበለዋል፤ ጂቲኬ ጋ እንዳይደርስም ያደርገዋል። የጥቅሉ ስም ጂ፣ ቲ፣ ኬ፣ 3፣ ሰረዝ፣ ኤን፣ ኦ፣ ሲ፣ ኤስ፣ ዲ ተብሎ በትንንሽ ፊደላት ያለ ክፍተት ይጻፋል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ ያለ ሲሆን ሚንትም ከኡቡንቱ ይወስደዋል።

ላይብረሪው የተገነባው ለኤክስ 11 ስለሆነ በዚያ ላይ እንዲጠቀሙበት እመክራለሁ። በሲናፕቲክ ወይም በሚመችዎ የጥቅል መጫኛ ፈልገው ይጫኑት፤ ከዚያ ለሁሉም ፕሮግራሞች ከመፍቀድዎ በፊት በአንድ ፕሮግራም ይሞክሩት። ሊሞክሩበት ያሰቡትን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ይዝጉት። ይህ ጥንቃቄ አስፈላጊ የሆነው ብዙ የጂቲኬ ፕሮግራሞች አንድ ጊዜ ከተነሱ በኋላ ሁለተኛውን ጥሪ ለቀድሞው ስለሚያስተላልፉት ነው፤ የቀድሞው ያለ ላይብረሪው የተነሳ ከሆነ ለውጥ አይታይም፣ ተጠቃሚውም ላይብረሪው አልሠራም ብሎ ይደመድማል። ከዘጉት በኋላ ተርሚናል ላይ የጥቅሉን ስም ይጻፉ፣ አንድ ክፍተት ይተዉ፣ ከዚያ የፕሮግራሙን ትእዛዝ ይጻፉና ያስገቡ።

ከሠራ መስኮቱ በዴስክቶፑ አሞሌ ይከፈታል። ሄደር ባሩ ግን አይጠፋም፤ አዝራሮቹ ያስፈልጋሉና ከርዕስ አሞሌው በታች ወርዶ እንደ ተራ የመሣሪያ አሞሌ ይቀመጣል፣ የራሱን መዝጊያም ይተዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ ግማሽ ሥራ ይመስለዋል፤ ሆኖም የመክፈቻና የማስቀመጫ አዝራሮች ያሉት እዚያ ላይ ብቻ ስለሆነ ቢጠፋ ፕሮግራሙ ሽባ በሆነ ነበር።

በዴቢያን ቤተሰብ ስርጭቶች ላይ ጥቅሉ ከመግቢያው ሂደት ጋር የሚያያዙ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሚያስቀምጥ ከመለያዎ ወጥተው ሲገቡ ላይብረሪው ለሁሉም ፕሮግራሞች በራሱ ሊበራ ይችላል። ካልበራ፣ ወይም ለተወሰኑ ፕሮግራሞች ብቻ ከፈለጉት፣ በምናሌ ማስተካከያው በኩል ይሂዱ። ሜኑሊብሬን ወይም የዴስክቶፑን የራሱን የምናሌ ማስተካከያ ከፍተው ፕሮግራሙን ይምረጡ፤ «ኮማንድ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ካለው ትእዛዝ ፊት የጥቅሉን ስምና አንድ ክፍተት ይጨምሩ፤ ያስቀምጡት። ማስተካከያው የመጀመሪያውን የማስነሻ ፋይል ሳይነካ በቤት ማህደርዎ ውስጥ ቅጂ ስለሚፈጥር ለውጡ ሲስተሙ ሲሻሻል አይጠፋም።

ትእዛዙን ለውጠው ፕሮግራሙ አሁንም በድሮው መልኩ ከተከፈተ የማስነሻ ፋይሉን ቅጂ በጽሑፍ ማዘጋጃ ይክፈቱ፤ «ዲባስ አክቲቬተብል» የሚል መስመር ካለና ዋጋው «ትሩ» ከሆነ ዴስክቶፑ ትእዛዙን ትቶ ፕሮግራሙን በሌላ መንገድ ሊያስነሳው ይችላል። «ፎልስ» አድርገው ያስቀምጡት። የግኖም ተርሚናልም በጀርባ በሚሠራ አገልጋይ በኩል ስለሚነሳ በዚህ መንገድ አይገኝም፤ በአንደኛው ደረጃ የተገለጸውን ቁልፍ ይጠቀሙለት።

ፍላትፓክ ወይም ስናፕ በተባሉት የጥቅል ዓይነቶች የተጫኑ ፕሮግራሞች በራሳቸው አጥር ውስጥ ስለሚኖሩ በሲስተሙ ላይ ያለውን ላይብረሪ አያዩትም። ከተርሚናል ሲነሱ ላይብረሪው ሊጫን አልቻለም፣ ታልፏል የሚል መልእክት ሊወጣ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን በመደበኛው መልኩ ይከፈታል፣ የሚያስፈራም ነገር የለም። የዚያኑ ፕሮግራም የስርጭቱን ጥቅል መጫን መፍትሔ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ በጥብቅ የማሳስበው ሌላ ነገር አለ። ላይብረሪውን በሲስተሙ የ«ኢቲሲ» ማህደር ውስጥ ባለው አጠቃላይ የቅድመ ጭነት ፋይል ውስጥ እንዲጽፉት የሚነግርዎ ሰው ካለ አይስሙት። ያ ፋይል በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠሩትን ጨምሮ በኮምፒውተሩ ላይ የሚነሳውን ፕሮግራም ሁሉ ይነካል፤ ለአንድ የርዕስ አሞሌ ሲባል የሚወሰድ አደጋ አይደለም።

ሐሳብዎን ከቀየሩ ጥቅሉን አራግፈው፣ በምናሌው ውስጥ የጨመሩትን ቃል ሰርዘው፣ ከመለያዎ ወጥተው ይግቡ፤ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። ጥቅሉን አራግፈው ቃሉን ከምናሌው ሳያነሱ ከተዉት ግን ያ ፕሮግራም ከምናሌው አይነሳም።

የማይቻልበት ቦታ

ከላይ ያለው ላይብረሪ ለጂቲኬ 3 ብቻ ነው። ጂቲኬ 4 በ2020 መጨረሻ ወጣ፤ ሊባድዋይታ የተባለው የግኖም ተጨማሪ ደግሞ በ2021 የመጨረሻ ቀን 1.0 ሆነ። በሊባድዋይታ የተሠራ ፕሮግራም ሄደር ባሩን የሚያስቀምጠው ከመስኮቱ ይዘት ጋር ቀላቅሎ ስለሆነ የርዕስ አሞሌ ተብሎ የሚነጠል ክፍል የለውም። እዚህ ላይ በቅንብር መታገል ጊዜ ማባከን ነው፤ ሌላ ፕሮግራም መምረጥ ይሻላል።

ምርጫውም ድሃ አይደለም። የሊኑክስ ሚንት ሰዎች ከ2016 ጀምሮ ያዘጋጁዋቸው ኤክስ አፕስ የሚባሉት ፕሮግራሞች፣ ከእነርሱም ኤክስኤድ ለጽሑፍ፣ ኤክስሪደር ለፒዲኤፍ፣ ኤክስቪወር ለፎቶ፣ ነባሩን የርዕስ አሞሌና ምናሌ ጠብቀዋል። የማቴ ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ፕሉማ፣ አትሪልና ካጃም እንዲሁ ናቸው፤ ከፋይል ማሳያዎች ኔሞ አለ። ሚንት በ2024 በወጣው 22ኛ እትሙ ካልኩሌተርን፣ ሲስተም ሞኒተርንና ፋይል ሮለርን ጨምሮ በርካታ የግኖም ፕሮግራሞችን ወደ ጂቲኬ 3 እትማቸው መልሷል፤ ስለዚህ በሚንት 22 ላይ እነዚህ ለሦስተኛው ደረጃ የተመቹ ናቸው።

ግኖምን መተው ለማይፈልግ ሰው ቢያንስ አዝራሮቹን መመለስ ይቻላል። «ትዊክስ» የተባለውን ፕሮግራም ከፍተው ስለ ርዕስ አሞሌ አዝራሮች በሚናገረው ክፍል ማሳነሻውንና ማስፊያውን ያብሩ፤ በሄደር ባሮቹም ላይ ይታያሉ።

አሞሌው ከተመለሰ በኋላ፦ ቦታና ፊደል

1366 በ768 ፒክስል ባለው ላፕቶፕ ላይ ተጨማሪ አሞሌ የሚወስደው ቁመት ይሰማል። በኤክስኤፍሲኢ «ዊንዶው ማናጀር ትዊክስ» ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» በሚለው ትር መስኮት ሙሉ ስክሪን ሲይዝ ርዕሱን የሚደብቅ ምርጫ አለ። በማቴም «ማቴ ትዊክ» ውስጥ በመስኮቶች ክፍል ተመሳሳይ ምርጫ ይገኛል። በዚህ መንገድ መስኮቱ ሲሰፋ ቦታው ይተርፋል፣ ሲያንስ ደግሞ አሞሌው ለመጎተት ይመለሳል። በኤክስኤፍሲኢ በዚያው ትር ላይ የማውሱን ጎማ በርዕስ አሞሌው ላይ በማሽከርከር መስኮቱን ወደ አሞሌው ብቻ መጠቅለል የሚያስችል ምርጫም አለ፤ ከፕሮግራሙ አሞሌ የማይገኝ፣ ከሥር ያለውን መስኮት ለአፍታ ለማየት የሚጠቅም ነገር ነው።

የአማርኛ ርዕሶች በባዶ ሳጥኖች ከታዩ በኮምፒውተሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለም ማለት ነው፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይጫኑ። ከዚያ የርዕሱን ፎንት በኤክስኤፍሲኢ በ«ዊንዶው ማናጀር» የ«ስታይል» ትር ላይ፣ በሲናመን በ«ፎንት ሰሌክሽን»፣ በኬዲኢ በሲስተም ቅንብሮች «ፎንትስ» ገጽ ላይ ይምረጡ። በኬዲኢ የብሪዝ ገጽታ አሞሌው ከፊደሉ ጋር አብሮ ያድጋል። በኤክስኤፍሲኢ ግን የአሞሌው ቁመት በገጽታው ምስሎች የተወሰነ ስለሆነ ፊደሉን ሲያተልቁት የሆሄያቱ አናትና እግር ሊቆረጥ ይችላል፤ ያ ከሆነ የፊደሉን መጠን አይቀንሱ፣ ከዚያው «ስታይል» ትር ላይ «ዲፎልት ሰረዝ ኤችዲፒአይ» የሚለውን ረጅም አሞሌ ያለውን ገጽታ ይምረጡ።